ቁጣን ወደ ልኩ ማምጣት፦ ከአርስቶትልና ከኤፒክቴተስ የተወሰደ የአንድ ወር ልምምድ

የሆሜር «ኢልያድ» በግሪክኛ የሚከፈተው «ቁጣ» በሚል ቃል ነው። አኪሌስ የተባለው ጀግና በጦር መሪው በአጋሜምኖን ተዋረድኩ ብሎ ከውጊያው ይወጣል፤ እርሱ በመቅረቱ የገዛ ወገኖቹ ያልቃሉ፤ በመጨረሻም ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ጓደኛው ፓትሮክሎስ ይገደላል። ሐዘን የሰበረው አኪሌስ ያን ጊዜ ስለ ቁጣ ሲናገር፣ ከሚንጠባጠብ ማር ይልቅ እንደሚጣፍጥና በሰው ደረት ውስጥ እንደ ጢስ እየሰፋ እንደሚሄድ ይመሰክራል። ከእርሱ በኋላ የመጡት የግሪክ ፈላስፎች ስለ ሰው ጠባይ ሲጽፉ ወደ ቁጣ የሚመላለሱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህን ግጥም ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል።

ይህን የምጽፈው የራሱን ቁጣ መግራት ለሚፈልግ፣ ነገር ግን «ከዛሬ ጀምሮ አልቆጣም» ብሎ ምሎ በሳምንቱ ቃሉን ላፈረሰ ሰው ነው። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ስምልና ስገዘት ኖሬያለሁ። ከግሪኮቹ የተማርኩት ትልቁ ነገር ጠባይ በመሐላ እንደማይለወጥ ነው፤ የሚለወጠው በየዕለቱ በሚደጋገም ትንሽ ተግባር ነው።

ዓላማውን አስቀድሞ ማስተካከል

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ384 በስታጊራ የተወለደው አርስቶትል የሐኪም ልጅ ነበር። አባቱ ኒኮማኮስ የመቄዶንያ ንጉሥ ባለመድኃኒት ስለነበረ ይመስለኛል፣ ልጁ ስለ ጠባይ ሲጽፍ ምሳሌውን ደጋግሞ ከጤናና ከአካል ማጎልመሻ ይወስዳል። «የኒኮማኮስ ሥነ ምግባር» ተብሎ በሚታወቀውና በ10 ክፍሎች በተደራጀው ሥራው ውስጥ የሚያስተምረው ዋና ነገር ይህ ነው፦ በጎ ጠባይ ከተፈጥሮ አብሮን አይወለድም፤ ተፈጥሯችን ግን ሊቀበለው የሚችል ነው፤ የሚጸናውም በልማድ ነው። ድንጋይን ዐሥር ሺህ ጊዜ ወደ ላይ ብንወረውረው ወደ ላይ መሄድን አይለምድም፤ ሰው ግን ይለምዳል። ቤት በመሥራት ግንበኛ እንደሚኮን፣ በገና በመደርደርም ደርዳሪ እንደሚኮን ሁሉ፣ ሰው ትዕግሥተኛ የሚሆነው የትዕግሥተኛ ሰው ሥራ በመሥራት ነው።

ታዲያ የምንለማመደው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ስለ አርስቶትል የሚያውቀው «መካከለኛውን መንገድ» እንዳስተማረ ነው፤ ይህም በትክክል ካልተያዘ ያሳስታል። እርሱ ራሱ ሚሎን የተባለውን ስመ ጥር ታጋይ ጠቅሶ ያብራራዋል። ለአንድ ሰው 10 ሚና (ሚና የግሪኮች የክብደት መለኪያ ነው) የሚመዝን ምግብ ቢበዛበትና 2 ሚና ቢያንሰው፣ አሠልጣኙ መካከሉን ቆጥሮ 6 ሚና አያዝለትም፤ ያ መጠን ለሚሎን ጥቂት፣ ስፖርት ለሚጀምር ሰው ደግሞ ብዙ ነውና። እንግዲህ የሚፈለገው ግማሽ ቁጣ ሳይሆን ልክ የሆነ ቁጣ ነው፤ ማለትም በሚገባው ነገር፣ በሚገባው ሰው ላይ፣ በሚገባው መንገድና ሰዓት፣ ለሚገባው ጊዜ ያህል ብቻ መቆጣት ነው። መቆጣት ለማንም ቀላል እንደሆነ፣ እነዚህን ሁሉ አሟልቶ መቆጣት ግን ቀላል እንዳልሆነ ይነግረናል። ፈጽሞ አለመቆጣትንም አያመሰግንም፤ ራሱ ሲሰደብ ዝም የሚል፣ ወዳጆቹ ሲዋረዱ እያየ የሚያልፍ ሰው በእርሱ ዘንድ የባሪያ ጠባይ አለበት።

ኤፒክቴተስና እንደ እርሱ ስቶይኮች የሚባሉት ፈላስፎች ግን በዚህ አይስማሙም። ለእነርሱ ቁጣ የተሳሳተ ፍርድ ውጤት ስለሆነ ልክ የሚባል ነገር የለውም፣ መነቀል ብቻ ነው ያለበት። እኔ በዓላማው ከአርስቶትል ጋር እቆማለሁ፤ ምክንያቱም ልጅ ሲደበደብ ወይም ደሀ ሲበደል አይቶ የማይቆጣ ሰው የጎደለው ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። በየቀኑ ምን ልሥራ ሲባል ግን ከኤፒክቴተስ የተሻለ መካሪ አላገኘሁም። ስለዚህ መድረሻውን ከአንዱ፣ አካሄዱን ከሌላው ወስጃለሁ።

የፈላስፎቹ ስም ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ እንዳልሆነም በዚሁ ላንሳ። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል ከዓረብኛ ወደ ግእዝ በተረጎሙት «መጽሐፈ ፈላስፋ» ውስጥ ከጥንቱ ግሪክ ጠቢባን የተወረሱ ብዙ ምክሮች ይገኛሉ። ምክሮቹ በዓረብኛ በኩል ረጅም መንገድ ተጉዘው የመጡ በመሆናቸው ፈላስፎቹ ራሳቸው ከጻፉት ጋር ቃል በቃል አይገጥሙም።

የራስን ቁጣ በስሙ መጥራት

የመጀመሪያው ሥራ የትኛው ዓይነት ቁጡ እንደሆኑ ማወቅ ነው። አርስቶትል በሥራው አራተኛ ክፍል ቁጡ ሰዎችን በየዓይነታቸው ለይቶ አስቀምጧቸዋል፤ አማርኛችንም ለእያንዳንዳቸው የተዘጋጀ ስም አለው።

አንደኛው ግልፍተኛው ነው። ቱግ ለማለት ይፈጥናል፤ በማይገባው ሰው ላይ፣ በማይገባው ነገር፣ ከሚገባውም በላይ ይቆጣል፤ ነገር ግን ቶሎ ይበርዳል። አርስቶትል ከጠባዩ ሁሉ ይሻላል የሚለው ይህንን መብረዱን ነው፤ ቁጣውን ስለማይደብቀው ወዲያው አውጥቶት ያርፋል። ሁለተኛው በሁሉም ነገር፣ በማናቸውም ሰዓት የሚቆጣው ነጭናጫ ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ የሚባል የለም፤ አብሮት የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። ሦስተኛው ግሪኮቹ «ፒክሮስ»፣ ማለትም መራራ፣ የሚሉት ቂመኛው ነው። በእርሱ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ቂመኛ ራሱን ብዙ ጊዜ ትዕግሥተኛ አድርጎ ይቆጥራል። አይጮህም፣ በሩን በኃይል አይዘጋም፣ ያኮርፋል እንጂ አይሳደብም። አርስቶትል ግን ውስጡን ገልጦ ያሳየናል፦ ቁጣውን ስለሚውጠው ማንም አያይበትም፤ ማንም ስላላየበትም ማንም መጥቶ አያባብለውም፤ ብቻውን በሆዱ ሲያብላላው ደግሞ ዘመን ይፈጃል። እንዲህ ያለው ሰው ለራሱና ለቅርብ ወዳጆቹ ከሁሉ የከበደ ሸክም ነው ይላል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለውን አባባል እንደ መብቱ የሚጠቅስ ሰው ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ቢያነበው መልካም ነው። አራተኛው ካልተበቀለ የማይታረቀው በቀለኛው ነው።

የትኛው እንደሆኑ በራስዎ ብቻ አይፍረዱ። ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ ቁጣን ስለ መቆጣጠር በጻፈው ድርሰት ውስጥ የሚናገረው ሰው መጀመሪያ የሌሎችን ቁጡ ሰዎች ፊት፣ አካሄድና ድምፅ ማስተዋል እንደጀመረ፣ ከዚያም ለሚስቱና ለሴቶች ልጆቹ እርሱም እንዲያ አስፈሪ ሆኖ እንደሚታይ ሲገነዘብ እንዳዘነ ይተርካል። ስለዚህ አብሮዎት የሚኖረውን ሰው በሰላሙ ሰዓት ይጠይቁ፦ «ስቆጣ ምን እመስላለሁ? ምን ያህልስ እቆያለሁ?» መልሱን ሲሰሙ አይከራከሩ፣ በደብተር ላይ ይጻፉት።

ዓይነቱ ከታወቀ በኋላ ያዘነበሉበትን ጎን ትቶ ወደ ተቃራኒው መሳብ ይገባል። አርስቶትል የሚሰጠው ምሳሌ የተጣመመ እንጨት የሚያቃኑ ሰዎችን ነው፤ እንጨቱ ቀጥ እንዲል ወደ ሌላው ወገን አሳልፈው ይጎትቱታል። ግልፍተኛ የሆነ ሰው መዘግየትን ይለማመዳል። ቂመኛ ግን መዘግየትን ቢለማመድ ጠማማውን ይበልጥ ማጣመሙ ነው፤ እርሱ የሚለማመደው ቅሬታውን ገና ትንሽ ሳለ፣ በዕለቱ፣ በለሰለሰ ድምፅ «ይህ ነገር አስከፍቶኛል» ብሎ መናገርን ነው። ፈጽሞ የማይቆጣ ሰው ካለ ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ ለማይገባ ጥያቄ «አይሆንም» ማለትን ይልመድ።

ሰሚ እስኪደርስ መዘግየት

አርስቶትል ስለ ቁጣ ካላቸው ነገሮች ሁሉ እኔን የለወጠኝ በሰባተኛው ክፍል የሚገኘው ነው። ቁጣ ለአእምሮ ጨርሶ ደንቆሮ አይደለም ይላል፤ ይሰማል፣ ግን አጣሞ ይሰማል። ጌታው ትእዛዙን ሳይጨርስ ሮጦ የሚወጣ፣ ከዚያም የታዘዘውን የሚያበላሽ ችኩል አገልጋይን ይመስላል። በር ሲንኳኳ ወዳጅ ይሁን ባዳ ሳያይ የሚጮኽ ውሻንም ይመስላል።

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ጠዋት ከሳሎን የሸክላ ስብራት ድምፅ ሰማሁ። ስገባ የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ከረከቦቱ አጠገብ ቆሟል፤ ጀበናው ከአንገቱ ተሰብሮ አተላው ምንጣፉ ላይ ፈሷል፤ የጀበናው ጆሮ በልጁ እጅ ውስጥ ነው። «አባዬ፣ እኔ…» ሲል አላስጨረስኩትም። እናቱ ከጓዳ ወጥታ ጀበናውን የገለበጠችው ድመቷ እንደሆነች፣ ልጁም ስብርባሪውን ለመልቀም እንደቀረበ እስክትነግረኝ ድረስ የተናገርኩት ቃል ዛሬም ያሳፍረኛል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንደሚባለው ቃሉን መመለስ አልቻልኩም። ጩኸቴ የአርስቶትል ውሻ ጩኸት ነበር፤ ያንኳኳውን አላየሁም።

ለዚህ ከግሪኮቹ የተገኘው መድኃኒት ቀላል ነው። የጠርሴሱ ስቶይክ አቴኖዶሮስ የሮሙን ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስን ሲሰናበት፣ በተቆጣ ጊዜ የፊደሉን 24 ሆሄያት ለራሱ ሳይቆጥር ምንም እንዳይናገርና ምንም እንዳያደርግ መክሮታል። እኛ ለዚህ ከግሪኮች የተሻለ መሣሪያ አለን፤ የፊደል ገበታችንን የመጀመሪያ ዓምድ ከሀ እስከ ፐ በልብ መቁጠር ከ24 ሆሄ ይረዝማል፤ ከልጅነት የተያዘ ዜማ ስላለውም ትንፋሽን ያረጋጋል። ከጀበናው በኋላ የተለማመድኩት ይህንን ነው። መጀመሪያ ቁጣው ሲመጣ መቁጠሩ ትዝ አይልም፤ ስለዚህ ባልተቆጡበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ታክሲ ሲጠብቁ ወይም እጅ ሲታጠቡ፣ በየቀኑ ይቁጠሩ። ልማድ የሚሠራው እንዲህ ነው፣ በችግር ሰዓት የሚገኘው አስቀድሞ የተደጋገመው ብቻ ነው።

ቅጣት ወይም ተግሣጽ መስጠት ግድ ከሆነ ደግሞ ቁጣው ያለበት ሰው አይስጠው። ፕላቶ አንድ ቀን በአገልጋዩ ላይ ተቆጥቶ ሳለ ለደቀ መዝሙሩ ለዜኖክራጥስ «አንተ ግረፈው፤ እኔ ተቆጥቻለሁና አልችልም» እንዳለ የፈላስፎችን ታሪክ የጻፈው ዲዮጋን ላኤርጥዮስ ጽፏል። የዘመኑ ባርነትና ግርፋት ለእኛ የሚዘገንን ነው፤ ፕላቶ ራሱን ከፈራጅነት ማውረዱ ግን ለወላጅም ለአለቃም ይሠራል። የልጅዎን የፈተና ውጤት አይተው ደምዎ ከፈላ ወረቀቱን አጥፈው ያስቀምጡና ንግግሩን ለነገ ያድርጉት።

ነገሩን በሚያዝበት በኩል መያዝ

መዘግየት ጊዜ ይሰጣል፣ በጊዜው ግን ምን ይታሰብበት? አርስቶትል ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው ሥራው ሁለተኛ ክፍል ቁጣን ሲተረጉም፣ ሳይገባን ተንቀናል ብለን ስናስብ የሚመጣ፣ ሕመም ያለበት የበቀል ፍላጎት ነው ይላል። ቁልፉ «ተንቀናል ብለን ስናስብ» የሚለው ነው። ከቁጣችን ብዙው ዝናብ በመዝነቡ ወይም መብራት በመጥፋቱ የሚመጣ አይደለም፤ «እኔን ምን አድርጎ ቢቆጥረኝ ነው?» ከሚል ጥያቄ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ሀ ሁ ቆጥረው ሲጨርሱ ራስዎን ይጠይቁ፦ ይህ ሰው በእርግጥ ንቆኛል? ወይስ ረስቶ፣ ደክሞት፣ ሳያውቅ ነው? ብዙ ጊዜ ቁጣው በዚሁ ጥያቄ ላይ ያልቃል።

ካላለቀ ኤፒክቴተስ ይከተላል። ይህ ሰው በሂራጶሊስ የተወለደ፣ በሮም ባሪያ የነበረ፣ በእግሩም የሚያነክስ ነበር፤ ነፃ ከወጣ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ዶሚጥያኖስ ፈላስፎችን ሲያባርር ወደ ኒቆጶሊስ ሄዶ አስተማረ። እርሱ ራሱ አንድም መስመር አልጻፈም፤ ቃሉን ያቆየልን ደቀ መዝሙሩ አርያኖስ ነው። ስለ ውርደት የሚናገረው ተዋርዶ የኖረ ሰው በመሆኑ ምክሩ ለእኔ ክብደት አለው። ነገር ሁሉ ሁለት እጀታ አለው ይላል፤ በአንደኛው ይነሣል፣ በሌላው አይነሣም። ወንድምህ ቢበድልህ «በደለኝ» በሚለው እጀታ አትያዘው፣ በዚያ አይነሣምና፤ «ወንድሜ ነው፣ አብረን አድገናል» በሚለው ያዘው።

ስለ መብራቱ የተናገረውም ይታወሰኛል። በቤቱ የብረት መብራት ነበረው፤ በመስኮት በኩል ድምፅ ሰምቶ ወርዶ ሲያይ ተሰርቋል። ሌባው ያደረገውን ያለ ምክንያት እንዳላደረገው አሰበና «ነገ የሸክላ መብራት ታገኛለህ» ብሎ ለራሱ ተናገረ። ሰው የሚያጣው ያለውን ነው አለ። ይህን ካነበብኩ በኋላ የተሰበረውን ጀበና ባሰብኩ ቁጥር፣ ሌላ ጀበና ከገበያ ማምጣት የግማሽ ቀን ሥራ እንደነበር አስባለሁ፤ የልጁ ፊት ግን እንዲያ በቀላሉ አልተመለሰም።

እንዲህ ሁሉ ተመርምሮም በደሉ እውነተኛ በደል ሆኖ ከተገኘ መቆጣት ይገባል። ያን ጊዜ ቁጣው ለአንድ ሰው፣ ስለ አንድ ነገር፣ ፊት ለፊት ይነገር፤ የአምናው አይጨመርበት፤ የሰውየው ዘር፣ አስተዳደግና መልክ አይነሣ።

ደብተሩ

ኤፒክቴተስ ለቁጡ ሰው የሰጠው ትእዛዝ መቁጠር ነው። በመጀመሪያ በየቀኑ እቆጣ ነበር፣ ከዚያ በየሁለት ቀኑ፣ ከዚያ በየሦስት፣ ከዚያም በየአራት ቀኑ እያልህ ቁጠር ይላል፤ 30 ቀን ሳትቆጣ ካለፍህ ለአምላክ መሥዋዕት አቅርብ። በየቁጣው ልማዱ እንደሚበረታ፣ በእሳት ላይ ማገዶ እንደሚጨመር፣ ዕረፍት ሲያገኝ ደግሞ መጀመሪያ እየደከመ በኋላም እንደሚጠፋ ያስተምራል። የእኛ ወር ደግሞ ልክ 30 ቀን ነው። ስለዚህ የወሩን ስም በገጹ ራስ ላይ ይጻፉ፣ ከ1 እስከ 30 ቁጥሮቹን ወደ ታች ይደርድሩ፤ ከልክ በላይ ሳይቆጡ ባለፉበት ቀን አጠገብ ጭረት ያድርጉ፣ በተቆጡበት ቀን አጠገብ በጥቂት ቃል የተፈጠረውን ይጻፉ። የእኔ የኅዳር ገጽ እንዲህ ይላል፦ በ4 «የስልክ ጥሪ፣ ድምፄን ከፍ አደረግሁ፣ ፊደል አልቆጠርኩም»፤ በ9 «ቆጠርኩ፣ እስከ ነ ስደርስ በረደ»፤ በ17 «ኩርፊያ፣ እስከ ማታ»። ከሁሉ የጠቀመኝ የ17ቱ ነው፤ ራሴን ግልፍተኛ ብቻ አድርጌ እቆጥር ነበርና ማኩረፌን ያየሁት በጽሑፍ ነው።

ገጹን የሚሞሉት ማታ ይሁን። በጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ በፒታጎራስ ተከታዮች ዘንድ ሰው የቀኑን ሥራ ሦስት ጊዜ ሳይመረምር ዓይኑን ለእንቅልፍ እንዳይሰጥ የሚያዝ ግጥም ነበር፤ ጥያቄዎቹም «የት ተሳሳትኩ? ምን ሠራሁ? ሊሠራ ሲገባው ምን ተውኩ?» የሚሉ ናቸው። ኤፒክቴተስም ይህንኑ ለተማሪዎቹ ይጠቅስላቸው ነበር። ሦስተኛውን ጥያቄ አይዝለሉት፤ መናገር ሲገባ ዝም ያልንበት ቀን የሚታየው በእርሱ ነው።

ቀኑ ሲበላሽ

ይበላሻል። ያን ጊዜ ደብተሩን መቅደድ ወይም «እኔ እንዲሁ ነኝ» ማለት ይመጣል፤ ሁለቱንም አያድርጉ። ፕሉታርክ እንደጻፈው የፒታጎራስ ተከታዮች ተቆጥተው ክፉ ቃል ከተለዋወጡ ፀሐይ ሳትገባ ቀኝ እጅ ለቀኝ እጅ ተጨባብጠው፣ ተቃቅፈው ይታረቁ ነበር። ወደ ግሪካዊቱ ከተማ ወደ ኤፌሶን በተላከው መልእክት ውስጥ ያለውን «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» የሚለውን ቃል የሚያውቅ አንባቢ ልማዱ አይከብደውም።

ይቅርታ አጠያየቁን በተመለከተ አርስቶትል የሚረዳ ነገር አስተውሏል፤ ሰዎች ጥፋታቸውን አምነው ለሚጸጸቱት ይበርዱላቸዋል፣ ግልጽ የሆነውን ነገር ለሚክዱት ግን ቁጣቸው ይብሳል። ስለዚህ «አንተም ግን…» የሚለውን ሐረግ ይተዉት። እኔ ለልጄ ያልኩት «ሳልሰማህ ጮኽኩብህ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አሁን ንገረኝ» ነበር፤ እርሱም ድመቷ እንዴት እንደዘለለች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ እጁን እያወራጨ፣ ነገረኝ። ታሪኩ ካለቀ በኋላ ሄጄ በደብተሩ ላይ የዕለቱን መስመር ጻፍኩ፤ በማግስቱም ቆጠራውን ከ1 ጀመርኩ።